ቀይ ጫፍ ያለው ስንጥር

እየሳቀ ሞተ ብለው ያወሩ ነበሩ። ውሸታቸውን ነው። ጎማው የሞተው በገዛ ግቢው፣ የዋና ገንዳው ዳር ተንበርክኮ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ የበላውን ሁሉ እየመለሰ ነው። አምቡላንሱ ላይ ሲጫን ልቡ ቆማ ነበር። ልጆቹን ከውሃው አውጥተው በፎጣ ጠቀለሏቸው። ሙዚቃውን ማጥፋት ግን ለማንም ትዝ አላለውም፤ ሬሳ ወጥቶ ዘፈኑ ቀጠለ።

ጎማው የሚሉት ጎማ ስለሚሸጥ ነው። ሆዱም ቢሆን ስሙን አላሳፈረውም። በደህናው ጊዜ አንድ ጠርሙስ ለእሱ ጉሮሮ ማርጠቢያ ነበር፤ በኋላ እናቱ እግር ላይ ወድቆ ማለና አቆመ። ለመሐላው ጠባቂ ደግሞ ነጭ ክኒን ታዘዘለት። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ከፊቱ ቆማ ታስውጠዋለች። ክኒኑ ሰውነቱ ውስጥ እያለ አልኮል ከቀመሰ ጉድ ነው፤ ፊት ይቀላል፣ ሆድ ይገለበጣል፣ ልብ ደከም ያለ ሰው ደግሞ እዚያው ይቀራል። የጎማው ልብ ደከም ያለ ነበር።

እሁድ ዕለት ግን ጎማው ብርጭቆ አልነካም። ግብዣው ላይ የነበረ ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ነበር፣ ሁሉም ይመሰክራል። የበላው አይስክሬም ነው፤ የልጆቹን አይስክሬም።

ጉዳዩ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። እንቅልፍ ዓይኑ ላይ ቤት ተከራይታ የምትኖር የሚመስል ሰውዬ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ከኋላው «ጋሽ ድካሙ» ይለዋል። ያውቃል። ለመቆጣት ግን ጉልበት ያስፈልጋል።

ከፊቱ የተቀመጠችው ተጠርጣሪ የሟች ታናሽ እህት ናት። ሥራዋ ለድግስ የአዋቂ አይስክሬም መሥራት ነው። ኮክቴሉን ትቀምማለች፣ ትንንሽ የወረቀት ኩባያ ላይ ትቀዳለች፣ መሃሉ ላይ ስንጥር ትሰካና ፍሪዘር ውስጥ ትደረድራለች። በጋ ከገባ እጇ አያርፍም። በረዶ ነው የሚሏት። ዛሬ ዓይኗ አብጦ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የቢሮውን የተሰበረ ማራገቢያ ታያለች።

«ሁለት ዓይነት ነው የሠራሁት» አለች። «አንዱ ሐብሐብ፣ ሎሚና ቮድካ። የሱ ስንጥር ጫፉ ቀይ ነው፤ በእጄ እቀባዋለሁ። ሌላው ሐብሐብና ሎሚ ብቻ፤ ስንጥሩ ነጭ። የልጆቹና የወንድሜ።»

«በመልክስ?»

«አንድ ናቸው። ለዚያ እኮ ነው የምቀባው።»

«ወንድምሽ የበላው ነጭ ስንጥር ያለውን ነው። ደሙ ውስጥ ደግሞ አልኮል ተገኝቷል።» ኢንስፔክተሩ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ስለዚህ ወይ ተሳስተሻል፣ ወይ አልተሳሳትሽም። ሁለቱም ላንቺ ጥሩ አይደሉም።»

«አልተሳሳትኩም ጋሼ። የልጆቹን ሠርቼ፣ ዕቃውን አጥቤ፣ ከዚያ ነው ጠርሙስ የምከፍተው። የራሴም ልጅ ትበላለች እኮ።»

«ታዲያ ማን ጨመረው?»

«ባውቅ እዚህ እቀመጣለሁ?» ድምጿ ወረደ። «ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። እናቴ ‹ደጄን እንዳትረግጥ፣ ቀብሩ ላይ ዓይኗን እንዳላይ› ብላለች። አንድ ወንድም ነው የነበረኝ። እስከዚያ እውነቱን ካላገኙልኝ፣ በእናቴ ልብ ውስጥ የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ ነው አፈር የሚለብሰው። ከዚያ በኋላ ቢያገኙት ምን ያደርግልኛል?»

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አነሳና ወጣ። ኮፍያው ራሱ ከበደው።

*

ሟች ቤት ግቢው በወንበር ተሞልቷል። ሳጅኗ በር ላይ ጠበቀችው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አለቃዋ ያጣውን ጉልበት በሙሉ የወሰደች የምትመስል ልጅ ናት።

«አንድ ሰው አለ» አለችው። «የጎማው የሱቅ ሸሪክ። ግብዣው መሃል ፍሪዘሩ ውስጥ አንገቱን ከትቶ ታይቷል። ጎማውን ደግሞ ‹አንዲት ብትቀምስ ምን ትሆናለህ› እያለ ሲያበሽቀው ነው የከረመው።»

ሸሪኩን ወንበር ሲዘረጋ አገኙት። ላቡ ሸሚዙ ላይ ካርታ ሠርቷል።

«ፍሪዘሩ ውስጥ ምን ስትፈልግ ነበር?»

«ሙቀት ነበር ጋሼ።»

«ሙቀቱማ አሁንም አለ። አንገትህ ግን ውጭ ነው።»

ሸሪኩ ግራ ቀኙን አየና ጠጋ አለ። «ሚስቴ እንዳትሰማ። ግብዣ ላይ የጠጣሁትን ብርጭቆ ትቆጥራለች። አይስክሬም ግን ቆጥራ አታውቅም። ቀይ ቀዩን ሳወጣ ነበር።»

«ስንት በላህ?»

«እርስዎም ሊቆጥሩብኝ ነው?»

ሳጅኗ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም፤ ሳቅም ጡንቻ ይፈልጋል።

«ጎማው ሲሞት ሱቁ ያንተ ይሆናል ይላሉ።»

«የኔና የሚስቱ ነው የሚሆነው። እሷን አያውቋትም። ከእሷ ጋር ከመሸረክ ጎማ አግብቶ መኖር ይሻላል፤ ጎማ ቢያንስ ሲተነፍስ ይሰማል። እሷ ዝም ነው። ጎማው ነበር የኔ ሰው።» ወንበሩን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «ሥጋ ስጠብስ ነበር የዋልኩት። ማንንም ይጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ» አለች ሳጅኗ። «ያረረ ሥጋ ያልደረሰው ምስክር የለም።»

«እሱስ ይሁን፤ ፍሪዘሩ ያለበት ጋራዥ ማን ማን ሲገባ አየህ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማን ያልገባ አለ? እኔ ገብቻለሁ። በረዶ ገብታለች። ጎማውማ ሲመላለስ ነው የዋለው፤ ለልጆቹ አይስክሬም ሲያድል። ‹የአዋቂውንም አታስቀሪ፣ እንግዳ አይከፋው› ብሎ ያዘዛትም ራሱ ነው። ለሰው የሚያዝን ሰው ነበር።»

*

ፍሪዘሩ ጋራዡ ውስጥ፣ ከጎማው መኪና ጎን ነው የቆመው። ፖሊስ ያሸገውን ሳጅኗ ቀደደችው። ውስጡ የተረፈው ኩባያ እንደተደረደረ ነው፤ ቀዩ በአንድ በኩል፣ ነጩ በሌላ። ክዳኑ ላይ የአዲስ ነጭ ስንጥር ፓኮ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ነጩን አስመርምረነዋል» አለች። «ጠብታ አልኮል የለውም። ምናልባት የተመረዘውን በልቶ ጨርሶት ይሆናል።»

ኢንስፔክተሩ ቀይ ስንጥር ያለውን አንዱን አነሳ። ማስረጃ እንደሆነ አልጠፋውም። የፍሪዘሩ ቅዝቃዜ ፊቱን ሲነካው ግን እጁ ሳያማክረው ስንጥሩን ያዘና ሳብ አደረገ።

ስንጥሩ ባዶውን መጣ። በሌላኛው እጁ የቀረው ኩባያ ተንጋደደና ግማሽ በረዶ ግማሽ ፈሳሽ የሆነው ነገር ሱሪው ላይ ዘጭ አለ፤ በማይሆን ቦታ።

«አስር ጊዜ ቢቀዘቅዝ አይጠነክርም መሰል» አለች ሳጅኗ መሬት መሬት እያየች። «አልኮሉ አይለቀውማ።»

ኢንስፔክተሩ ሱሪውን አልጠረገም። ስንጥሩን ኩባያው ውስጥ በቀረው መልሶ ሰካው፤ ስንጥሩ ቆመ። አወጣው፣ ሰካው። ከእርጎ ውስጥ ማንኪያ እንደማውጣት ነው። ከዚያ ነጩን አነሳና ሳበ። ኩባያው፣ በረዶው፣ ስንጥሩ አንድ ላይ መጡ። ግድግዳ ላይ እንደተመታ ሚስማር ነው፤ ቢጎትተው፣ ቢጠመዝዘው፣ ወይ ፍንክች።

«ሳጅን፣ ሰውየው የበላው የልጆቹን አይደለም» አለ። «የአዋቂውን ነው የበላው። ቀዩን ስንጥር ነቅለው፣ ከዚህ ፓኮ ነጭ መዘው ሰክተውበታል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ምኑን ይለየዋል?»

«በረዶ ራሷ ብታደርገውስ?»

«እሷ ሠሪዋ ናት። ክፋት ካሰበች ከመጀመሪያው ነጩን ትሰካ ነበር። ሰክቶ መንቀል ምን ሥራ ነው? ይሄ ኋላ የመጣ ሰው ሥራ ነው፤ ተዘጋጅቶ ያገኘው ሰው።»

«ማን?»

ኢንስፔክተሩ «ልቀመጥ» አለ። እግሩ አልችልህ ብሎታል። ጋራዡ ውስጥ ያለው መቀመጫ የጎማው መኪና ብቻ ነው፤ በሩን ከፈተና የሾፌሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ጥሩ ወንበር ነው። ዓይኑን ጨፈነ። ሳጅኗ ተኛ ብላ እንዲነቃ ልትስል ስትል፣ በሩን ሊስብ የላከው እጁ የበሩ ኪስ ውስጥ ገባና ተጣበቀ።

እጁን አወጣው። ጣቶቹ ላይ ጉንዳን ይሄዳል። ኪሱ ውስጥ በናፕኪን የተጠቀለሉ ስንጥሮች አሉ። ሁሉም ጫፋቸው ቀይ ነው።

ሳጅኗ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ወንበሩ ላይ አለቃዋ ሳይሆን የመኪናው ባለቤት የታያት ይመስል ቀና አለች። «ራሱ ነዋ።»

«ራሱ ነው። ለልጆቹ ላድል እያለ እዚህ እየተመላለሰ፣ ስንጥር እየቀየረ፣ ሰው ፊት ሄዶ ይልሳል። እናቱ ፊት፣ ሚስቱ ፊት። ማንም ምንም አይለውም፤ እንዲያውም ጎበዝ ይሉታል።»

«ግን እንዴት ደፈረ? ክኒኑን እየዋጠ?»

ኢንስፔክተሩ ኪሱን እስከ ታች ዳበሰ። የማስቲካ ቆርቆሮ ወጣ። ሲከፍተው ማስቲካ የለም፤ ግማሽ የሟሙ፣ ምራቅ የደረቀባቸው ነጭ ክኒኖች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ምላሱ ሥር እየደበቀ፣ ወደ ሥራ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ይተፋቸዋል ማለት ነው።

«አልዋጠም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከዋጠ ቆይቷል።»

ሳጅኗ ክኒኖቹን አየች፣ ስንጥሮቹን አየች፣ እሱን አየች። «ታዲያ ክኒኑን ካልዋጠ፣ በምን ሞተ?»

*

የአስከሬን ሐኪሙ ስልክ ላይ ምሳውን እያኘከ ነበር። «ክኒኑማ አለ» አለ። «ደሙ ውስጥ ሞልቷል። ጠዋት የገባ ነው። ባይኖር ኖሮ በዚያች ቮድካ ሰው አይሞትም፤ ቢበዛ ይዘፍናል።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘጋ። ያገኘውን ነገር አልወደደውም። አንዳንዴ ሰው ክር የሚጎትተው መጨረሻው ላይ ሌባ ይኖራል ብሎ ነው፤ ይሄኛው ክር ወደ ወጥ ቤት ነው የሚሄደው።

ሚስትየው ለብቻዋ ነበረች። ሴቶቹ «አንቺ ተቀመጪ» ቢሏትም አልሰማቻቸውም፤ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። ኢንስፔክተሩ በሩን ገፋ አደረገና በርጩማ ሳበ።

«ባለቤትሽ ጠዋት ምን ነበር የሚበላው?»

«ዳቦ። እንቁላል።»

«የሚጠጣውስ?»

ብርጭቆው እጇ ላይ ቆመ። «የማንጎ ጭማቂ።»

«ማን ይሠራዋል?»

«እኔ።»

«ሌላ የሚጠጣው ሰው አለ?»

«የለም። የሱ ነው።»

ኢንስፔክተሩ የማስቲካውን ቆርቆሮ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አልከፈተውም። እሷም አልከፈተችውም። ውስጡ ምን እንዳለ ሳታይ አወቀች።

«ሸሚዙን ሳጥብ አንድ ቀን ኪሱ ውስጥ ይሄንኑ ቆርቆሮ አገኘሁ» አለች። «እየተፋ እንደሆነ ገባኝ። ብነግረው እንጣላለን፤ ተጣልተን ተጣልተን ደክሞኝ ነበር። ‹አታምኚኝም› ይለኛል፣ ያለቅሳል፣ ይምላል። ያንን ሁሉ እንደገና ከምሰማ ብዬ፣ ክኒኑን በእጄ እንደ ድሮው እሰጠዋለሁ፤ ሌላ ክኒን ደግሞ በማንኪያ ፈጭቼ ጭማቂው ውስጥ እጨምራለሁ። ይተፋል፣ ዋጥኩ ይለኛል። እኔም እሺ እለዋለሁ። ሰላም ሆነን ነበር። ከተጋባን እንደዚያ ሰላም ሆነን አናውቅም።»

«ይጠጣል ብለሽ አልገመትሽም?»

«ጠርሙስ ነበራ የምጠብቀው። ጠርሙስ ቢያነሳ እጁን ልይዝ አጠገቡ ቆሜ ነው የዋልኩት። አይስክሬም በእጁ ይዞ ሲስቅልኝ፣ እኔም ሳቅኩለት።»

ውጭ አንድ ሰው ወንበር ጎተተ። ሚስትየው ውሃውን ዘጋች።

«ነገሩ መቼ ነው የገባሽ?»

«ፊቱ ሲቀላ። ከሁሉ ሰው በፊት ገባኝ። ሐኪም ቤት ‹ክኒኑን ይወስድ ነበር ወይ› ሲሉኝ አዎ አልኩ። ውሸት አልነበረም። ከዚያ ሁሉም በረዶን ማየት ጀመረ።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እኔም አብሬ አየኋት።»

ኢንስፔክተሩ ተነሳ። ጉልበቱ ቋ አለ።

«ከቀብሩ በኋላ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ» አላት። «ምን እንደሚሉሽ አላውቅም። እኔ የምጽፈው ያልሽውን ነው።»

«እሺ» አለች። ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በቦታው እንደሌለ ሁሉ መልሳ አስተካከለችው።

*

በረዶን ራሱ ሄዶ አስፈታት። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገራት፤ ስንጥሩን፣ የማስቲካውን ቆርቆሮ፣ ጭማቂውን። መስኮቱን እያየች ሰማችው። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ደስ ይላታል ብሎ ሳይሆን ትተነፍሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ለእናቴ እንዳይነግሯት» አለች።

«ምኑን?»

«መጠጥ እንዳልተወ። እግሯ ላይ ወድቆ ነው የማለላት። ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጄ ሰው ሆነልኝ› እያለች ነው የኖረችው። እሷን ደግመን አንግደላት ጋሼ። እኔ ተሳስቼ ቀላቀልኩት እላታለሁ።»

«ከዚያስ ቀብሩ?»

«ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ከዚያም ይታያል።»

«ጠዋት እኮ ከዚህ ነው አድኑኝ ያልሽኝ።»

«ጠዋት እሱ ምን እንዳደረገ አላውቅማ።»

«እኔ መዝገቡን መዋሸት አልችልም።»

«መዝገቡን አላልኩም። እናቴ መዝገብ አታነብም።»

ኢንስፔክተሩ ማርሽ ቀየረ። ሰው ሲዋሽ ይዞ ማፋጠጥ ያውቃል፤ ይሄ የእድሜ ልክ ሥራው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ውሸት በየት በኩል እንደሚይዙት ግን አላስተማሩትም።

ግቢው ሲደርሱ ሬሳው ሊወጣ ሰው ተነስቶ ነበር። በረዶ በር ላይ ስትታይ ጫጫታው ዝም አለ። እናትየው ጥግ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ተቀምጣለች። በረዶ ሰው መሃል አቋርጣ ሄደችና እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«እማ፣ እኔ ነኝ። ቸኩዬ ቀላቅዬው ነው። ሳላውቅ ነው። ልንገርሽና እወጣለሁ።»

እናትየው ፊቷን አዞረች።

«ተይ በረዶ።» ሚስትየው ከወጥ ቤቱ በር ነው። ያቺ ዝምተኛዋ። ድምጿን ከዚህ በፊት ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ዘወር አሉ። «ተነሺ ከመሬት። እማዬ፣ እሷ አይደለችም። ክኒኑን እየተፋብኝ ነበር። እኔ በስውር ጭማቂው ውስጥ አደረግኩለት። እሱ ደግሞ የዋጠው ስላልመሰለው ቮድካ ያለበትን ተደብቆ በላ። የሷ እጅ ንጹህ ነው። የኔ ነው ያልጸዳው።»

ሸሪኩ የያዘው ወንበር ከእጁ ወደቀ። ኢንስፔክተሩ ሳያስበው አንድ እርምጃ ጠጋ አለ፤ አሮጊቷ አንድ ነገር ብትሆን ሊይዛት ነው።

እናትየው ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ ገለጠች። አንድ ጊዜ ልጇን፣ አንድ ጊዜ ምራቷን አየች።

«ምሎልኝ ነበር እኮ» አለች።

ወደ በረዶ ዞረች።

«አንቺስ ይሄንን እያወቅሽ ነው የምትዋሺኝ?»

«አዎ እማ» አለች በረዶ።

«እሱ ዋሸኝ። ይቺ ደበቀችኝ። አንቺ ደግሞ መሬት ተንበርክከሽ ትዋሺኛለሽ።» ድምጿ አልጮኸም፤ እንዲያውም እየቀነሰ ሄደ። «እንዲህ አስፈራለሁ?»

ሚስትየው እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ናት። ወደ ግቢው ልትገባም አልቻለች፣ ልትመለስም አልቻለች።

አሮጊቷ ልትነሳ ሞከረችና ጉልበቷ ከዳት። ብዙ እጅ ተዘረጋላት፤ የሸሪኩም፣ የኢንስፔክተሩም። ሁሉንም በመዳፏ መለሰቻቸው።

«ያዙኝ» አለች።

ማንን እንደሆነ አልተናገረችም። በአንድ በኩል በረዶን አየች፤ በሌላ በኩል ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች፣ እዚያውም ቆየች። ሚስትየው እስክትመጣ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ሁለቱ ግራና ቀኝ ብብቷ ሥር ገቡና አነሷት። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ሦስቱ እየተንገዳገዱ ከሳጥኑ ኋላ ተከተሉ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም።

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩ አጠገብ መጣች።

«ሚስትየውን መቼ ነው የምንወስዳት?» አለችው በሹክሹክታ።

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ከቀብረኛው ጭራ ገባ።

«አሮጊቷ ስትለቃት» አለ።